ለማን እንደተተከለ ያልታወቀ ድንኳን

የልጅ ልጃቸው ይርጋለም ከጣራው ቆርቆሮ እስከ ባሕር ዛፉ ጫፍ ሽቦ ከወጠረችበት ዕለት ጀምሮ እማማ ገበያነሽ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። መጀመሪያ "መብረቅ ይጠራል" አሉ። መብረቅ ሳይመጣ ሲቀር "አሞራ ያንቃል" አሉ። አሞራውም በላዩ እየተንሳፈፈ ደኅና አልፎ ሲሄድ ዋናውን ስጋታቸውን አወጡት፤ "ሰው ምን ይላል?"

ደባርቅ ላይ ደግሞ ሰው የሚለው አያጣም። አንዱ የቴሌቪዥን ነው አለ፤ ቤቱ ቴሌቪዥን የለውም። ሌላው የልብስ ማስጫ ነው አለ፤ ባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ ወጥቶ ልብስ የሚያሰጣ ማን ነው? አጥር የምትጋራቸው ባንቻየሁ ብቻ ቀርባ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም "እኔስ ባወቅሁት!" ብለው መለሱላት።

እውነታቸውን ነው። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል፤ መዝሙረ ዳዊቱንም ጋዜጣውንም ያነባሉ፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን ለጎረቤት የሚያስረዱት እሳቸው ናቸው። ይኼ ነገር ግን ገባኝ ባሉ ቁጥር መልሶ ይወጣባቸዋል።

ይርጋለም ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ገና በሕፃንነቷ ስላረፈች ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። የፊዚክስ መምህሯ ዓለምነህ ትምህርት ቤት ውስጥ የአማተር ራዲዮ ክበብ አቋቁሞ፣ ሣጥን የሚያህል አንድ አሮጌ የብረት ራዲዮ መቀበያ አውሷታል።

"አማተር ማለት ምንድን ነው?" ብለው ጠይቀዋት ነበር።

"ደመወዝ ሳይከፈለው፣ ስለወደደው ብቻ የሚሠራ ሰው ነው፣ እምዬ።"

"እንግዲያ የዚህ ቤት አማተር እኔ ነኛ!"

ልጅቱ ስቃ ስቃ ልትወድቅ። እሳቸው ግን አልሳቁም። "ምንድን ነው ታዲያ የምትሰሚበት? ወሬ ነው?"

"ወሬ አይደለም። ሰዎች ናቸው፤ ከየአገሩ እየተጣሩ ይገናኛሉ። ስማቸውን ይናገራሉ፣ ያሉበትን ይናገራሉ፣ ድምፅህ እንዲህ ይሰማኛል ይባባላሉ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ደኅና ሁን ተባብለው ይለያያሉ።"

"ልጆቹ ደኅና ናቸው ወይ፣ ከብቱ ደኅና ነው ወይ፣ ክረምቱ እንዴት ያዛችሁ አይባባሉም?"

"ኧረ አይባባሉም።"

"ወይ ነውር! ባሕር ተሻግሮ ተጣርቶ 'ትሰማኛለህ?' 'እሰማሃለሁ' ብሎ መለያየት! አንችም እንዲህ ልትሆኝ ነው?"

"እኔማ ገና መናገር አይፈቀድልኝም። ተፈትኜ ፈቃድ እስካወጣ ማዳመጥ ብቻ ነው።"

ይኼኛው ደግሞ ባሰባቸው። መናገርስ መናገር ነው፤ ሰው ደጅ ቆሞ ማዳመጥ ግን ከባለጌም ባለጌ የሚያሰኝ ነው። ቢሆንም ልጅቱ ከቤት አትወጣም፣ ከማንም አትውልም፤ እንዲህ እያሉ ራሳቸውን ያጽናናሉ። ወዲያው ደግሞ ከማንም የማትውል ልጅ ምን ልትሆን ነው ብለው ይፈራሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር የባሰ ግራ የሚገባቸው። ያን ጊዜ ሣጥኑ ንግግሩን ትቶ ጢው ጢው ይላል፤ ከእንቁላል ሊወጣ እንደሚታገል ጫጩት። ይርጋለም እርሳሷን ይዛ በእያንዳንዱ ጢውታ ፊደል ትጽፋለች። ሞርስ ይባላል አለቻቸው፤ ረጅምና አጭር ድምፅ እየተቀናጀ ፊደል ይሆናል።

"ይኼን የሚልከው ሽማግሌ ነው፣ እምዬ። ስቶያን ይባላል። ቡልጋሪያ ነው ያለው።"

"ቡልጋሪያ? ደርግ ልጆች ለትምህርት ይልክበት የነበረው?"

"እሱው። ሌሎቹ ሲልኩ ይፈጥናሉ፤ አይደረስባቸውም። እሱ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እንደኔ ላሉ ጀማሪዎች ብሎ ቀስ አድርጎ ይመታል። አንዱን ቃል ደጋግሞ ይልከዋል፤ ያመለጠው እንዲያገኘው።"

"ያውቅሻል?"

"አያውቀኝም።"

"አንችስ ታውቂዋለሽ?"

ይርጋለም አሰብ አደረገች። "ጣቱን አውቀዋለሁ።"

"ምኑን?"

"አመታቱን ማለቴ ነው። እያንዳንዱ ሰው የሞርሱን መምቻ ቁልፍ ሲመታ የራሱ አመታት አለው፤ እንደ እጅ ጽሑፍ።"

እማማ ገበያነሽ የዚያን ቀን ሦስት ጊዜ አማተቡ። ስሟን የማያውቅ ሽማግሌ፣ መልኩን የማታውቀው ሰው፤ ጣቱን ታውቀዋለች!

ይኼ ሁሉ ግን የሸጋው ነገር እስኪመጣ ነው።

ሸጋው ልጃቸው ነው፤ የይርጋለም አባት። አይሱዙ ይነዳል። ማሽላ ሊጭን ወደ አዲ አርቃይ ወርዶ፣ ሰኞ እመለሳለሁ ያለው ሰው ሰኞም ማክሰኞም ቀረ። ስልክ ከአካባቢው ከጠፋ ሰነባብቷል። መንገዱም አንድ ቀን ተከፈተ ይባላል፣ ሌላ ቀን ተዘጋ ይባላል። እማማ ገበያነሽ የሊማሊሞን ቁልቁለት በሐሳባቸው በቀን ስንት ጊዜ እንደወረዱት እግዜር ይወቅ፤ በእያንዳንዱ ጠመዝማዛ ላይ አይሱዙዋ አንዴ ትንከባለላለች።

ሐሙስ ዕለት አላስችል ብሏቸው ወደ ሣጥኑ ቀረቡ። "አንች ልጅ፣ ይኼ ሽቦሽ ቡልጋሪያን ከሰማ አዲ አርቃይን አይሰማም?"

"እዚያ የሚልክ ሰው የለማ፣ እምዬ። ቢኖርም እንኳ የራዲዮው ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ ሩቅ ነው የሚወርደው፤ ቅርቡን ዘሎት ይሄዳል።"

"ሩቁን ሰምቶ ቅርቡን የማይሰማ ጆሮ! ምን የሚሉት መርገም ነው?" አሉና እንባቸው መጣ። ይርጋለም አቀፈቻቸው። "አባዬ ደኅና ነው" አለቻቸው። "በምን አወቅሽ?" አሏት።

ቅዳሜ ከሰዓት ከገበያ ሲመለሱ ይርጋለም አልጋው ላይ በደረቷ ተደፍታ ነጠላዋን በአፏ ጠቅጥቃ ታለቅሳለች። የጆሮ ማዳመጫው ወለሉ ላይ ወድቋል።

"ምን ሆንሽ?"

"ምንም።"

"ምን ሰማሽ?"

"ምንም አልሰማሁም አልኩሽ እኮ! ራሴን ነው ያመመኝ።"

ልጅቱ ዋሽታ አታውቅም፤ ስትዋሽም አትችልበትም። ጥቂት ቆይታ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ወጣች። እማማ ገበያነሽ በመስኮት ተከትለው አዩአት። ባንቻየሁ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ይርጋለም ወደ ቤቱ ዞር ብላ አየችና ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰች። ባንቻየሁ መዳፏን አፏ ላይ ጫነች።

እማማ ገበያነሽ መስኮቱን ዘጉት።

ማታ ባንቻየሁ በሳሕን ሽሮ ይዛ መጣች፤ ያለ ወትሮዋ። "እትዬ ገበያነሽ፣ እራት በልተዋል? ኧረ ይብሉ፣ አንድ ጉርሻ እንኳ" ትላለች፤ ዓይኗ ግን ግድግዳ ግድግዳውን ነው የሚያየው። ቁጭ በይ ቢሏት አልቀመጥም አለች። በአገሩ ይኼን የማያውቅ የለም። ሰው ሲሞት ለቤተ ዘመዱ በድንገት አይነገርም። መጀመሪያ እህል እንዲቀምስ ይደረጋል፤ ከዚያ በማለዳ የነፍስ አባቱና ሽማግሌዎች ተሰብስበው መጥተው መርዶውን ያረዱታል። እስከዚያው የሰማው ሁሉ አፉን ይዘጋል። እማማ ገበያነሽ ራሳቸው ስንት ቤት ሽሮ ይዘው ገብተዋል! ስንቱን ሰው ዓይኑን እየሸሹ "ብላ እንጂ" ብለውታል!

ሽሮውን አልነኩትም። ከበሉት እውነት የሚሆን መሰላቸው።

ገና ጎሕ ሲቀድ የእግር ኮቴ ሰሙ። ሳይንኳኳ በሩን ራሳቸው ከፈቱት። የነፍስ አባታቸው ቄስ ሀብተ ሚካኤል መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ቆመዋል። ከኋላቸው የእድሩ ዳኛ አቶ አገኘሁ አለ፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። መምህር ዓለምነህ ሳይቀር አለ። ባንቻየሁና የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

"ሸጋውን ነው?" አሉ እማማ ገበያነሽ።

ቄስ ሀብተ ሚካኤል አንገታቸውን ደፉ። "ወለተ ማርያም" አሏቸው በክርስትና ስማቸው፤ "እግዚአብሔር ያጥናሽ።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አያስታውሱትም። ጩኸቱ ከአንጀታቸው ነው የወጣው። የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ደርቤ ከላይኛው ሰፈር እስከ መናኸሪያው አዳረሰው። ደጁ ላይ ችካል ይመታል፣ ሸራ ይጎተታል፤ ፀሐይ ስትወጣ ድንኳኑ ቆሟል። አንዷ ንፍሮ ጥዳለች፤ ሌላዋ እማማን በወገባቸው ይዛ "ይውጣልዎ፣ ይውጣልዎ" ትላለች።

በዚህ መካከል ይርጋለም ከእንቅልፏ ተነሥታ ወጣች። ሲያለቅስ አድሮ የነጋበት ልጅ እንቅልፍ እንዴት እንደሚጥለው ይታወቃል። ድንኳኑን አይታ ክው አለች። "ማን ሞተ?"

ሁሉም ዞሮ አያት።

"አንች አይደለሽ እንዴ የነገርሽኝ?" አለች ባንቻየሁ።

"ምን ብዬ?"

"'የማውቀው ሰው ሞቷል፣ ለእምዬ እንዳትነግሪብኝ ትደነግጣለች' አላልሽኝም?"

ይርጋለም ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጣለች። "አባዬን አይደለም! ስቶያንን ነው! ስቶያን ነው የሞተው!"

ከዚያ አቶ አገኘሁ ጉሮሮውን ጠረገ። "ስቶያን የማን ልጅ ነው?"

"የቡልጋሪያ ሰው ነው። ትናንት ጓደኛው በሞርስ ላከው፤ ቁልፉ ጸጥ አለ ብሎ። ሰዎቹ አንዱ ሲሞትባቸው እንደዚያ ነው የሚሉት። በሱ ሰዓት፣ እሱ በሚልክበት ሞገድ ላይ መጥቶ ቀስ እያለ ላከው፤ እኔም ፊደል በፊደል ጻፍኩት። መጨረሻው ሳይደርስ ገብቶኝ ነበር..."

"አይዞሽ ልጄ" አለች ባንቻየሁ እያባበለቻት፤ "ከአሁን ወዲያ ብትደብቂው አይጠቅምም።"

"አልደበቅሁም! ማንም አልሞተም እኮ! ማለቴ... ሞቷል፣ ግን ማንም..."

እማማ ገበያነሽ ልጅቱን ያዩአታል። "ማንም አልሞተም።" ይኼን ቃል እሳቸው ራሳቸው ስንቴ ብለውታል! በእርግጥ ሰው የሞተበት ቤት ካልሆነ በቀር "ማንም አልሞተም" የሚባለው የት ነው?

መምህር ዓለምነህ ሊያስረዳ ተነሣ። ስለ ሞገድ ተናገረ፣ ስለ አየር ንብርብር ተናገረ፣ በክበባቸው ማንም እንደማይልክ፣ ማዳመጥ ብቻ እንደሆነ ተናገረ። ሰዉ በትዕግሥት ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠው፤ ሐዘን ያደናገረውን ሰው እንደሚያዳምጥ።

"አንተስ ታዲያ ስለ ምን መጣህ?" አለው አቶ አገኘሁ።

"የይርጋለም አባት አርፏል ሲሉኝ ነዋ!"

"ማን አለህ?"

"እርስዎ ነዎት የላኩብኝ።"

አቶ አገኘሁ ወደ ባንቻየሁ ዞረ። "አንችስ?"

"ከይርጋለም።"

"ይርጋለምስ?"

"ከሽቦው!"

"ሽቦው ምን አለ?"

"ስቶያን ሞተ አለ!" ስትል ይርጋለም ጮኸች።

"አባ፣ እርስዎስ?" አሉ እማማ ገበያነሽ። "እርስዎ እንኳ 'ያጥናሽ' አሉኝ።"

ቄስ ሀብተ ሚካኤል መስቀላቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ። "አንቺ ሸጋውን ነው ስትዪኝ... የምታውቂ መሰለኝ። እኔ እንኳ ማን እንደሆነ በደንብ አልተነገረኝም ነበር፤ ና ተብዬ መጣሁ።"

እማማ ገበያነሽ ማልቀስም አቃታቸው፤ ማቆምም አቃታቸው። ልጅቱን በክንዷ ጎትተው አስጠጓት። "ማርያምን በይ።"

"ማርያምን፣ እምዬ! ስለ አባዬ ምንም አልሰማሁም።"

"ክፉም?"

"ክፉም።"

"ደግም?"

"ደግም።"

እዚያ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ። ስቶያን መሞቱ ሸጋውን በሕይወት አያኖረውም። መርዶው ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ ሰኞ የቀረው ልጅ ግን እስካሁን እንደቀረ ነው። እማማ ገበያነሽ ድንኳኑ መካከል ተቀምጠው፣ ልጃቸው በአንድ ማለዳ ሞቶ፣ ተነሥቶ፣ እንደገና የጠፋባቸው እናት ሆኑ።

ውጭ ደግሞ አቶ አገኘሁና ደርቤ ይከራከራሉ።

"ይነቀል!" ይላል አቶ አገኘሁ። "ሸጋው እድርተኛ ነው፤ አልሞተም ከተባለ አልሞተም። ይኼ ስቶያን የሚሉት የእድራችን አባል አይደለም።"

"የተተከለ የለቅሶ ድንኳን ሳይለቀስበት አይነቀልም፣ ጌታው። ሟርት ነው። ራሱን ሸጋውን መጥራት ይሆናል።"

"እና ለማን ይለቀስ?"

"ለይርጋለም ወገን።"

"በምን ይዛመዳሉ? በሽቦ?"

ነገሩ እንዲህ ሳይቋጭ ረፋዱ አለፈ። የሰማ ከሩቅ ሰፈር ይመጣል፤ አልሞተም ሲባል ግራ ገብቶት ይቀመጣል፤ ተቀምጦም ስለማይሆን ትንሽ ያለቅሳል። ከዳባት ድረስ የመጣ አንድ ዘመድ ሁለት ጊዜ ደረቱን መትቶ፣ አንዴ "እንኳን ደስ ያላችሁ" ብሎ፣ ወዲያው አፍሮ ንፍሮ ዘገነ።

ቀትር ላይ ከመንገዱ ማዶ ጩኸት ተሰማ። የወንድ ጩኸት ነው፤ የሚያርበደብድ።

"እናቴን! እናቴን! ሳልደርስላት! ዓይኗን ሳላየው!"

እማማ ገበያነሽ ጆሯቸው ቆመ። ያን ድምፅ ከእናት በቀር ማን ያውቀዋል? ተነሡ። የያዟቸውን ሴቶች በክርናቸው ገፍተው ወጡ።

ሸጋው ከድንኳኑ ፊት አፈር ላይ ወድቋል። አይሱዙዋ ከሊማሊሞ ሥር ድብ ባሕር ከተማ ላይ ተሰብራበት፣ ዕቃ ሲጠብቅ ሰንብቶ፣ በእግርም በሰው መኪናም ወጥቶ ነው የደረሰው። ደጁ ላይ ድንኳን አየ፤ በቤቱ ውስጥ ያረጁት ደግሞ እናቱ ብቻ ናቸው፤ ሌላ ምን ያስብ? ወንዶቹ ግራና ቀኝ ይዘውታል።

"ተው ሸጋው፣ እናትህ ደኅና ናት!"

"አትሸንግሉኝ! እኔ ልጅ ነኝ እንዴ? የተቀበረችበትን ብቻ አሳዩኝ!"

"ኧረ ማንም አልሞተም!"

"ይኼው! ይኼው! 'ማንም አልሞተም' አላችሁ!" ብሎ የሸሚዙን ደረት እስከ እምብርቱ ሸረከተው።

"አንተ!" አሉ እማማ ገበያነሽ ከራሱ በላይ ቆመው። "ምን በደለህ ሸሚዙ?"

ቀና ብሎ አያቸው። ወዲያው ግን አላመነም፤ ዓይኑን አፈር በነካው እጁ ጠረገና ጭራሽ በአፈር ሞላው። እሳቸው ከጎኑ ተንበርክከው ግንባሩን ያዙት፣ ጆሮውን ያዙት፣ እጁን ያዙት፤ አንድ በአንድ እንደሚቆጥሩት። ሲስሙት እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ይርጋለም ሮጣ መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሴቶቹ ዕልል ማለት ከጀመሩ በኋላ የተዘቀዘቀ ነጠላቸው ትዝ ብሏቸው እመሐል ላይ አቋረጡት።

ቆይቶ ሸጋው አፈሩን እያራገፈ ዙሪያውን አየ። ቄሱን አየ፣ ድንኳኑን አየ፣ ንፍሮውን አየ። "ታዲያ ማን ነው የሞተው?"

አቶ አገኘሁ ወደ መምህሩ አየ፤ መምህሩ ወደ ጫማው።

እማማ ገበያነሽ ያን ጊዜ ነው ይርጋለምን ያስተዋሏት። ከአባቷ አንገት ላይ ወርዳ ለብቻዋ ቆማለች፤ ዓይኖቿ ከትናንት ጀምሮ እንዳበጡ ናቸው። ይኼን ሁሉ ሰው ያስነሣው የሷ ለቅሶ ነው፤ እስካሁን ግን ለሷ "ያጥናሽ" ያላት አንድ ሰው የለም። ለእሳቸው ሃምሳ ሰው ብሏቸዋል፤ ያለ ሐዘናቸው።

"ተቀመጡ" አሉ ለሕዝቡ።

"እትዬ፣ እንግዲህ ድንኳኑን..." አለ አቶ አገኘሁ።

"ተቀመጡ ብያለሁ! ለቅሶው ገና አልተለቀሰም።" ልጅቱን በእጇ ይዘው ከሐዘንተኞች መቀመጫ አስቀመጧትና ከፊቷ ቆሙ፤ እንደ ለቀስተኛ። "እግዚአብሔር ያጥናሽ፣ ልጄ።"

ይርጋለም ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች።

"ክርስቲያን ነው?" አሉ ቄስ ሀብተ ሚካኤል ዝግ ብለው።

"ኦርቶዶክስ ናቸው ይባላል፣ አባ" አለ መምህሩ።

"ነፍስ ይማር።" ቄሱ ቁጭ አሉ። ሙሾ አውራጇ ግን ተቸግራለች፤ ጀግንነቱን አታውቅ፣ ዘሩን አታውቅ፣ መልኩን አታውቅ። "ምን ልበለው? ደግነቱ ምን ነበር?" አለቻት።

ይርጋለም አሰበች። "ላልደረሰበት ሰው ቀስ ይል ነበር።"

ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፈነች፤

"እግረ ደካማውን ቆሞ የሚጠብቅ፣
ምናለ ባለፈ አንዴ እንኳ በደባርቅ!"

ሴቶቹ ተቀበሏት። እማማ ገበያነሽም አለቀሱ፤ ከሰኞ ጀምሮ ለሸጋው ያጠራቀሙትን እንባ ሁሉ ለማያውቁት የቡልጋሪያ ሰው አፈሰሱት። ልክ ይሁን ስሕተት አላወቁም። ልጃቸው በአጠገባቸው ተቀምጦ፣ በተሸረከተ ሸሚዙ ንፍሮ እየቆረጠመ፣ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ።

"እማ፣ ይኼ ስቶያን የሚሉት ምናችን ነው?"

"እኔም አልገባኝም" አሉት እንባቸውን እየጠረጉ። "አሁን ዝም በልና አልቅስ፤ በኋላ ትነግረናለች።"